ጋሽ ሉልሰገድና የአደራ ሰዓቶቹ

ጋሽ ሉልሰገድ ለደንበኛ ደረሰኝ ጽፈው አያውቁም። ፒያሳ ላይ ሰዓት ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ሸሚዝና ክራባት እየሸጥኩ ፀጉሬን ያሸበትኩ ኑሪ ነኝ። በሱቆቻችን መሀል የነበረው ግድግዳ ስስ ስለነበር የሚያወሩትን ሁሉ ወደድኩም ጠላሁም እሰማ ነበር። ሰው ሰዓቱን ሰጥቷቸው ወረቀት ሲጠብቅ ከሥራቸው ቀና ብለው ያዩትና “አየሁህ እኮ፣ በቃ ሂድ” ይሉታል። አንዴ ያዩት ሰው አይጠፋቸውም። ከዓመት በኋላ ቢመጣ እንኳ ስሙን ሳይጠይቁ እጃቸውን ወደ መሳቢያው ሰደው የራሱን ሰዓት ያወጡለታል። አንዳንዱ እንዲያውም ሰዓቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሆን ብሎ አይወስደውም ነበር፤ ቤት ከሚጠፋብኝ እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ ይላል። ስልክ ቁጥር መጠየቅ ለእሳቸው ሰውን መጠርጠር ነው። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄያቸዋለሁ። ይስቁብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ተሳስተው አልነበረም፤ ሱቁ ቦታው ላይ እስካለ ድረስ ሰው የት ይሄዳል?

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሣ፣ እኛም አብረን ተነሣን። ስለዚያ ብዙ አላወራም። ፒያሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ አሁን ቢመጣ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር ያያል፣ ያምራልም። እኔና ጋሽ ሉልሰገድ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል በጋራ ተከራየን። ግማሹ ሸሚዝ፣ ግማሹ ሰዓት። ሊፍቱ አንድ ቀን ቢሠራ ሳምንቱን ያርፋል። ደንበኛ ደረጃውን አይቶ ይመለሳል፤ ያልተመለሰው ደግሞ ላይ ደርሶ ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ዋጋ እንኳ አይጠይቅም።

ጋሽ ሉልሰገድ ከድሮው ሱቅ ይዘው የመጡት መሣሪያቸውን፣ አንድ ወንበርና ሰው ያልወሰዳቸውን ሰዓቶች ነው። ሰዓቶቹን በትልቅ የብስኩት ጣሳ ውስጥ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጧቸው። ባለቤቶቹ የት እንዳሉ አያውቁም፣ ባለቤቶቹም እሳቸው የት እንደገቡ አያውቁም። ሱቁ በነበረበት አጥር ላይ አዲሱን አድራሻ ጽፈን ለጥፈን ነበር። አጥሩ ሲነሣ ወረቀቱም አብሮ ሄደ። ለታክሲ ተራ አስከባሪዎች ነገርን። ተራውም ቦታ ቀየረ። ስለዚህ ጋሽ ሉልሰገድ ከምሳ በኋላ በየቀኑ ደረጃውን ይወርዱና ሱቃቸው በነበረበት የእግረኛ መንገድ ላይ ይቆሙ ጀመር። ምናልባት አንዱ በዚያ ሲያልፍ ፊታቸውን ቢያይ ብለው ነው። አላፊ አግዳሚው ሰው የጠፋባቸው መስሎት አባባ ማንን ፈልገው ነው ይላቸዋል። ማታ ሦስቱን ፎቅ ጉልበታቸውን ይዘው ሲወጡ አያለሁ። እናደድባቸዋለሁም።

አንድ ቀን ይተዉት በቃ፣ የሚፈልግ ራሱ ይፈልግዎታል አልኳቸው። ጣሳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

“ኑርዬ፣ የዚህ ሁሉ የማን የማን መሆኑ ያለው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው” አሉ። “እኔ ከሞትኩ ይኼ ብረት ነው። ልጆቼ ለቆራሌው ይሰጡታል። የሰው አደራ ይዤ ልሙት?”

ቲክቶክ ላይ እናውጣዎት ብላቸው እምቢ አሉ። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አይተውት ያውቃሉ፤ በጣት እየተገፋ የሚያልፍ ነገር አልወደዱም። እንደ ሱቅ አንድ ቦታ ላይ የሚቀመጥ፣ ሰው መጥቶ የሚያገኘው፣ የማይነሣ ነገር የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዌብሳይት የሚባል አለ አልኳቸው። አፌን ብዘጋው ኖሮ የሚቀጥሉትን ወራት ዕረፍት አገኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ወዳለው ድርጅት ነው። ዌብሳይት በመሥራት የታወቀ ነው ብለውኝ ነበር። በመስታወት በተከለለ ክፍል አስቀመጡን፣ የታሸገ ውኃ ሰጡን፣ ተስፋ የሚባል ቀልጣፋ ልጅ መጥቶ በትልቅ ስክሪን የሠሩትን ያሳየን ጀመር። የሆቴል፣ የሪል እስቴት፣ የጥርስ ክሊኒክ። ጋሽ ሉልሰገድ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁሉንም በትዕግሥት አዩ። ተስፋ የድርጅታችሁ ራዕይና ተልዕኮ ምንድን ነው ሲላቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ምን ልበል። ሰዓት መጠገን ነው አልኩት። ከዚያ እሳቸው ስለ አደራው አስረዱት፤ የሚሸጡት ነገር እንደሌለ፣ የሚፈልጉት ባለቤቶቹ ዕቃቸውን አይተው እንዲመጡ ብቻ እንደሆነ ነገሩት። ልጁ አንገቱን እየነቀነቀ ሁሉንም በኮምፒዩተሩ ጻፈ። የገባው መስሎኝ ነበር። ዋጋውን ሲነግረን ውኃዬን ጨረስኩ። ግን ውል እንደሚፈራረሙ፣ ደረሰኝ እንዳለው፣ አንድ ሠራተኛ ቢለቅ ሌላው እንደሚተካ፣ ዌብሳይቱ ለዓመታት ሰው እንደሚጠብቀው ነገረን። ጋሽ ሉልሰገድ ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

ስንወጣ ይኼ ሁሉ ለአንድ ጣሳ ሰዓት አይሆንም አልኳቸው። በግሏ የምትሠራ አንዲት ልጅ አውቅ ነበር፣ ፍዮሪ የምትባል። የአጎቴን ልጅ የጫማ ሱቅ ዌብሳይት ሠርታለት ነበር፣ አልተማረረባትም። ቢሮ የላትም። ቢሮዋ ፒያሳ ያለ አንድ ኬክ ቤት ጥግ ነው፤ መብራት የሚሰካበት ስላለ አንዲት ማኪያቶ አዝዛ እዚያው ትውላለች፣ አስተናጋጆቹም ለምደዋታል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። የውጭ አገር ደንበኞች ስላሏት የምትተኛው እነሱ ሲተኙ ነው።

ከጋሽ ሉልሰገድ ጋር ሁለት ሦስት ቃል በትግርኛ ተሳሳቁና ወዲያው “ጓለይ” ይሏት ጀመር፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ታሪኩን እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም። ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ ተስፋ ሊጠይቅ ይገባው የነበረ ነው። ሰው መጥቶ የእኔ ነው ቢልዎት በምን ያውቁታል አለች። በፊቱ አሉ። በስልክ ቢደውልስ አለች። እሱን አላሰብኩም አሉ። ስለዚህ ሰዓቱን ሙሉውን አናሳይም አለች፤ ማሰሪያውን ወይም ጠርዙን ብቻ እናሳይና ባለቤቱ የቀረውን ራሱ ይንገረን። ከላይም በትልቁ እነዚህ የሚሸጡ አይደሉም፣ አደራ ናቸው ብለን እንጽፋለን። ጋሽ ሉልሰገድ ፊታቸው በራ። እኔም በልቤ በቃ ተገላገልን አልኩ።

ግን ልጅቷ የዋህ ናት፣ ወይም ደክሟታል፣ ሁለቱም ይሆናል። ጋሽ ሉልሰገድ ይኼን ነገር ለስንት ጊዜ ትጠብቂልኛለሽ ብለው ሲጠይቋት እንደ ነጋዴ አልመለሰችም።

“አባቴ፣ ልዋሽዎት አልፈልግም” አለች። “ብቻዬን ነኝ። ብታመም ይቆማል። ሌላ አገር ሥራ አመልክቻለሁ፣ ከተሳካልኝ እሄዳለሁ። ነገ የት እንደምሆን እኔም አላውቀውም።”

ኬክ ቤቱን ለቀን ስንወጣ ቀድመውኝ ተራመዱ። እኔ እየተከተልኩ ልጅቷን ያዙ፣ ነገሩ የገባት እሷ ናት፣ ዋጋዋም የሰው ዋጋ ነው እያልኩ ለፈለፍኩ። መንገዱን ተሻግረን ቆሙ። ልጅቷ ልቤን ወስዳዋለች አሉ። ነገር ግን ዕዳ ውስጥ የገባሁት ሰውን በፊቱ አምኜ ነው፣ አሁን ደግሞ በፊቷ አምኜ ልድገመው ወይ አሉ። ሰው ይሄዳል፣ ቢሮ ግን ይቀመጣል አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ወረቀት ያልጻፉ ሰው በማግሥቱ ቴዎድሮስ አደባባይ ሄደው ገጽ በገጽ ፈረሙ። እኔ አላጀብኳቸውም፣ ተቆጥቼ ነበር።

ዌብሳይቱ ሲወጣ ተስፋ ደወለና በስልኬ ከፈትኩት። ያምራል፣ ያ አይካድም። ከላይ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ እኛ የማናውቀው ፈረንጅ ሰዓት ይዞ ይስቃል። ሥሩ ጋሽ ሉልሰገድ በጥራት ተወዳዳሪ የሌላቸው መሪ ድርጅት መሆናቸው ተጽፏል። ስለ አደራው የነገሩት ሁሉ “ስለ እኛ” የሚለውን ለሚከፍት ሰው ከታች በደቃቅ ፊደል አለ። ከዚያ የጣሳው ሰዓቶች፣ ፎቶ አንሺ ልከው ያነሷቸው፣ አምረውና ተወልውለው በተርታ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሥር አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ “ለመግዛት ይደውሉ” ይላል። የሳሎን ዕቃ ለሚሸጥ ሰው የሠሩትን አምጥተው ሰዓት ከትተውበት ይሆናል። ስልኬን ለጋሽ ሉልሰገድ ስሰጣቸው ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቁልፏን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

ተስፋ ጋ ደወልኩ። ቀላል ነው፣ ይስተካከላል አለ። በሳምንቱ ስደውል ስልኩ አይሠራም። ቢሮው ጋ ስደውል ተስፋ መሥሪያ ቤቱን ለቋል አሉኝና ሔርሜላ ለምትባል ልጅ ሰጡኝ። ትሁት ልጅ ናት፣ ጥያቄዎ ተመዝግቧል አለችኝ። ከእሷ በኋላ ያነጋገርኩትም ትሁት ነበር፣ እሱም መዘገበው። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይተካል ያሉት እውነታቸውን ነው፤ የተተካው ሁሉ ግን ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ይጠይቀኛል። አንዱ ራዕያችሁ ምን ነበር አለኝ።

በዚህ መሀል ስልክ መጮህ ጀመረ። ያቺን ክብ ሰዓት ስንት ትላላችሁ የሚል፣ ጅምላ ከወሰድኩ ስንት ትቀንሳላችሁ የሚል። ጋሽ ሉልሰገድ ለሁሉም አይሸጥም፣ የሰው ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን ለጠፋችሁት እያለ ይዘጋባቸዋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ነው፣ የሰው ነው ሲሉ እየሰማሁ ሸሚዝ አጥፍ ነበር።

የመጀመሪያዋ ባለቤት የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ሻርፗ ከራሷ ሊወድቅ ደርሷል፣ ደረጃውን በቁጣ ስለወጣችው ትንፋሿ አልተቆረጠም። ከሪማ እባላለሁ አለች፣ ስሟን ለክስ እንደምታስመዘግብ ሰው። ስልኳን ጋሽ ሉልሰገድ ፊት ላይ አድርጋ የአባቷን ሰዓት አሳየቻቸው።

“ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ የጠፋ መስሎኝ አልቅሼለታለሁ” አለች። “እርስዎ ግን አስውበው ሊሸጡት ነው? እኔ እኮ አምኜዎት ወረቀት እንኳ አልጠየቅኩም።”

ጋሽ ሉልሰገድ ተነሥተው ቆሙ። ስህተት ነው አላሉም፣ ድርጅቱ ነው አላሉም። ከጣሳው አንዱን ጥቅል አውጥተው ጨርቁን ፈቱና ሰዓቱን ሞልተው ሰጧት። ከዚያ ሰዓቱን ባመጣችበት ቀን የነገረቻቸውን አስታውሰው “አባትሽ ተሻላቸው?” አሏት።

ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ የእኔ ባንኮኒ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አባቷ አርፈዋል። ስትሄድ ይቅርታ ለማለት ሞክራ ቃሉ አልወጣላትም፣ እጃቸውን ይዛ ሳመቻቸው። እሳቸው ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ምንም አልሠሩም።

ሁሉም ግን እንደ ከሪማ አልነበረም። አንድ ጡረተኛ መጥቶ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ሰደባቸው፣ ሰዓቱን ተቀብሎም ስድቡን አልጨረሰም። ሌላው ፖሊስ ይዞ ሊመጣ ስልክ አውጥቶ ነበር። አንዷ ሰዓቷን ከወሰደች በኋላ ሕንፃው በር ላይ ቆማ ለሚገባው ሁሉ እዚያ ላይ ያሉትን ሽማግሌ አትመኑ ስትል ዋለች። ከደንበኞቼ አንዱ ክራባት ሊገዛ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ እውነት የሰው ዕቃ ይሸጣሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። ጋሽ ሉልሰገድን አውቃቸዋለሁ። የሰው ሰዓት ብሎን ከመሬት ለማግኘት በጉልበታቸው ሲዳክሩ ያየኋቸው ሰው ናቸው። አሁን ፒያሳ ውስጥ ሌባ ተብለው ሲወራባቸው ስሰማ የማደርገው ጠፋኝ።

ኬክ ቤቱ ሄድኩ። ፍዮሪ አልሄደችም፣ የውጭውን ሥራ መልስ እየጠበቀች ነበር። ሥራውን ስለነፈግናት ታኮርፈናለች ብዬ ነበር፣ አላኮረፈችም፣ ለማኩረፍም ጊዜ ያላት አትመስልም። እዚያው ሆና ለድርጅቱ ደወለችና በቋንቋቸው አናገረቻቸው። እኔ ስንት ሳምንት ስለምናቸው የቆየሁትን ማኪያቶዋ ሳይቀዘቅዝ አስማማቻቸው። የዌብሳይቱን መግቢያ የይለፍ ቃል ለእሷ ሊሰጧት ተስማሙ። አረንጓዴዋን ቁልፍ አጠፋታለሁ፣ አደራ መሆኑን ከላይ በትልቁ እጽፋለሁ አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ኬክ ገዛሁላት። ኮምፒዩተሯን ይዛ ሦስቱን ፎቅ አብራኝ ወጣች፣ ጋሽ ሉልሰገድ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ገጹን ከፈተች። ላጥፋው አይደል አባቴ አለች።

ጋሽ ሉልሰገድ መልስ ሳይሰጡ የጣሳውን ክዳን ከፈቱና ወደ እኛ አዘነበሉት። ከግማሽ በታች ወርዷል።

“ተይው ጓለይ” አሉ።

ያልገባኝ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም ወደ እኔ ዞረው ረጋ ብለው አስረዱኝ። የመጡትን ሁሉ ጠይቀዋል። እየሰደበ የመጣውንም፣ ፖሊስ የጠራውንም፣ ሰዓቱን ከሰጡት በኋላ ምን አይተህ መጣህ ብለው ጠይቀዋል። ያቺን በደቃቁ የተጻፈችውን የአደራ ማስታወቂያ አንብቦ የመጣ አንድ ሰው የለም። ሁሉም የመጣው ያቺን የመግዣ ቁልፍ አይቶ የእኔ ዕቃ ሊሸጥ ነው ብሎ ነው። ማስታወቂያውን ከላይ በትልቁ ብንጽፈውስ ብላ ፍዮሪ ሞገተቻቸው። በትልቁ ብትጽፊው ሰውየው አለልኝ ብሎ ይተኛል አሉ። አለልኝ እያሉ እኮ ነው ዓመት ሙሉ እኔ ጋ የተዉት።

እኔ ጮህኩ። ስምዎስ አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዎ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ጠብቀው፣ በመጨረሻ ሌባ ተብለው ሊሞቱ ነው? ፍዮሪ ዓይኗን ኮምፒዩተሩ ላይ ተክላ ቀረች።

“ስሜንማ ምን አደርገዋለሁ” አሉ። “ሌባ ይበሉኝና ይምጡ። ጊዜ የለኝም ኑርዬ፣ ደክሞኛል።”

ፍዮሪ ኮምፒዩተሯን ዘጋች። ቁልፏን አልነካችም። ስትወርድ እስከ ታች ሸኘኋት። ስለ ሰዓቱም ስለ ዌብሳይቱም አላወራንም። ሥራው ከተሳካልኝ ሳልሰናበታቸው አልሄድም አለችኝ።

በነጋታው ጠዋት አንድ ልብሱን አሳምሮ የለበሰ ሰው ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳለ ድምፁ ተሰማ። ጋሽ ሉልሰገድ ማጉያቸውን ከዓይናቸው አውልቀው ጠበቁት። በር ላይ ሲቆም አዩትና አፉን ሳይከፍት ጎንበስ ብለው የእሱን ጥቅል ከጣሳው አወጡለት። ሰውየው ሰዓቱን ነጥቆ ገልብጦ አየው፣ የራሱ ነው። እጁ ላይ እያሰረ በዚህ ሽበትዎ አያፍሩም አላቸው። ልመልስለት ከባንኮኒዬ ስነሣ ጋሽ ሉልሰገድ እጅጌዬን ያዙኝ። ሰውየው በሩን ወርውሮት ሄደ፣ ደረጃውን እስኪጨርስ እየተሳደበ ነበር።

“ተወው ኑርዬ” አሉኝ። “ወሰደልኝ እኮ።”